ከበረንዳው ያልገባው እንግዳ

አቻምየለህ ሐሙስ ምሽት እስራኤል ውስጥ፣ ከኔታንያ ከተማ የባሕር ገደል ሥር፣ አሸዋው ላይ በጀርባው ተንጋሎ ሞቶ ተገኘ። የወፍ ማያ መነጽሩ አጠገቡ ወድቋል፤ ማንገቻው ግን ተፈትቶ፣ አገጩን ደግፎ አናቱ ላይ ተቋጥሯል። ፖሊሶቹ «ራሱን ወርውሮ ይሆናል፤ ማንገቻው ሲወድቅ ተጠምጥሞበት ነው» አሉ። ኧረ ወዲያ! መውደቅ ቋጠሮ ያውቃል እንዴ? መርማሪዋ ትሁኔ ጎንበስ ብላ ቋጠሮውን አየች።

በሐዘኑ ቤት ሚስቱ ሸጋዬ እጇን ጭምቅ አድርጋ ያዘቻት።

«ልጄ፣ ሰፈሩ ሁሉ ‹ራሱን ገደለ› ይላል። አገር ቤት ሊሄድ ጫማ የገዛ ሰው እንዴት ራሱን ይገድላል? ስሙን መልሺልኝ። ሌላ ምንም አልልሽም።»

«እሞክራለሁ፣ እትዬ።»

አቻምየለህ ወፍ ወዳዶችን ይዞ ኢትዮጵያ ሊወርድ ነበር፤ የአዋሽን ሜዳ፣ የጣናን ረግረግ፣ የስሜንን ገደል ሊያሳያቸው። ሐሙስ አመሻሽ ላይ የቲዩሉን፣ የጉብኝቱን ጉዞ፣ ዕቅድ ሊጨርሱ እቤቱ ሁለት ሰዎች ቀጥሮ ነበር። አንዱ ፖሌግ ሰፈር ቢሮ ያለው አስጎብኚ ጊዶን ነው። ሌላው ከአንድ መንደር አብሮት ያደገው፣ አሁን ከኔታንያ አጠገብ ክፋር ዮና የሚኖረው ሽሙኤል ነው።

ትሁኔ አስቀድማ ጊዶንን ያዘችው፤ ያወሩት በዕብራይስጥ ነው።

«ከሟቹ ጋር ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

«በመንገዱ ነዋ! ስሜንን ድንገት ሰረዘው። ቀኑን ሁሉ ለጣና ጀልባ ሰጠው። ለምን ስለው ‹የምወደው ሰው አለ› ብሎ ሳቀብኝ።»

«ሐሙስ ስትጠብቁት ምን ታደርጉ ነበር?»

«እንበላለን። ሸጋዬ ዳቦ ቆርሳ ሰጠችን። ሽሙኤል ብቻ ሆዴን አመመኝ ብሎ በውጭ በኩል በረንዳው ላይ ቀረ። እጄን ስዘረጋለት ሸሸኝ። ውሃ የጠጣበትን የላስቲክ ኩባያ እንኳ ይዞት ሄደ።»

«ያኔ መሞቱ ተሰምቶ ነበር?»

«የት ተሰምቶ! መዘግየቱን እየረገምን ነበር።»

ሽሙኤል ዛሬም በረንዳው ላይ ነው።

«ጋሼ ሽሙኤል፣ ይግቡ እንጂ።»

«እዚሁ ይሻለኛል፣ ልጄ።»

«ሐሙስ ከሰዓት የት ነበሩ?»

«ቤቴ።»

«ከዚያ በፊት ባሉት ቀናት ቀብር ነበረብዎ?»

«የለም፣ እግዜር ይመስገን።» ይህን ብሎ ወንበሩን ከእሷ ራቅ አደረገ።

ትሁኔ ሁሉንም ሳሎን ጠራቻቸው። ሽሙኤል ከደፉ አላለፈም።

«ያን ቋጠሮ ያሰረ ሰው አቻምየለህን ይወደው ነበር» አለች። «አፉ ክፍት እንዳይቀር አገጩን አሰረለት፤ ሬሳ እንደሚገነዝ ሰው። ስለዚህ ከሞተ በኋላ እጁን ያሳረፈበት አለ። የቤተ እስራኤል አባቶቻችን አገር ቤት ‹አትንኩኝ› የተባሉት ለምን ነበር? ሬሳ የነካ ሰው እስኪነጻ ቤት አይገባም፣ ከማዕድ አይቀርብም። እዚህ አገር ብዙው ሰው ትቶታል፤ እርስዎ ግን አልተውትም፣ ጋሼ ሽሙኤል። ሆዱን ያመመው ሰው ለሰላምታ የተዘረጋ እጅ አይሸሽም። ቀብር አልነበረብዎትም። ታዲያ የማናችንም ጆሮ ሳይሰማ፣ ሐሙስ ያረከሰዎ የማን ሬሳ ነው?»

ሽሙኤል ደፉ ላይ ቁጭ አለ።

«የሸጋዬን ዳቦ ማርከስ አልቻልኩም» አለ። «ገደሉ ላይ ሆነን ‹ዓይንህ ደክሟል፤ ስሜን አትወጣም› አለኝ። ዕድሜ ልካችንን አብረን ያለምነውን! በፈረንጅ ለወጠኝ፣ ከዳኝ ብዬ ሌላውን ሳልሰማው ገፋሁት። ወርጄ ስደርስ አልቆ ነበር።»

ትሁኔ ለጊዶን በዕብራይስጥ ነገረችው። የጊዶን ፊት ጠቆረ።

«ጣና ለእሱ ነበር በይው» አለ። «ዓይኑ የደከመ ሰው ከጀልባ ላይ ወፉን ከቅርብ ያያል። ስሜንን ለሁላችንም የሰረዘው ይሄ ሰውዬ እንዳይቀርበት ነው።»

ትሁኔ ይህንኑ ለሽሙኤል በአማርኛ ነገረችው። ሽሙኤል አፉን በእጁ ያዘ።

ሸጋዬ ተነሣች። «ስሙን መለስሽልኝ፣ ልጄ፤ እግዜር ይስጥሽ» አለቻት። ከዚያ ወደ በሩ ዞረች። «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ! ለዳቦዬ የፈራህ ለነፍሱ አልፈራህም። ግባ እንጂ አሁን፣ ሽሙኤል። ከእንግዲህ ይሄ ቤት ምን ይረክሳል?»

እሱ ግን አልገባም።