ሁለተኛው ጥያቄ

«እስቲ ቀጥ ያለ መስመር አስምሪልኝ» አለች ፈታኟ መምህርት፣ እርሳስና ወረቀት ወደ ልጅቷ እያስጠጋች።

የስድስት ዓመቷ ቁልፌ እርሳሱን አየችው፤ ወረቀቱንም አየችው። ከዚያ ከወንበሩ ወርዳ ጠረጴዛውን ዞረችና ከኪሷ የሳሙና ስባሪ አወጣች። ታላቅ እህቷ ልታስቆማት ብድግ ብትልም አልደረሰችባትም። በመምህርቷ ጥቁር ቀሚስ ጠርዝ ላይ ነጭ መስመር ተሰምሯል።

እናታቸው ልብስ ሰፊ ናት። እነሱ ቤት «አስምሪ» ከተባለ ጨርቅ ላይ ነው፤ የሚሰመረውም በደረቅ ሳሙና ነው። ታላቋ ስምንተኛ ክፍል ናት። ቁመቷንና የእናቷን ሙያ ደምረው የክፍሏ ልጆች «ሜትር» ይሏታል።

«አፈር ልብላ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለች አብራቸው የመጣችው እናት። «እኔው ራሴ አጥበዋለሁ።»

ሜትር «አበቃ፣ ወደቀች» አለች በልቧ። ደስም አላት። ይህ የግል ትምህርት ቤት ካልተቀበላት፣ ቁልፌ እሷ ወደምትማርበት የመንግሥት ትምህርት ቤት ትመጣለች። ጠዋት ጠዋት እጅ ለእጅ ተያይዘው ይሄዳሉ።

መምህርቷ ግን አልተቆጣችም። ጎንበስ ብላ መስመሩን አየችው።

«ለምን እዚህ ጋ አሰመርሽ?»

«ተንሻፏል። በዚህ በኩል ይረዝማል።»

«በምን አወቅሽ?»

«ሲገቡ አየሁት።»

መምህርቷ ተነስታ ቆመች። «በይ ጨርሺው» አለቻት። ቁልፌ በጉልበቷ እየዳኸች ዙሪያውን አሰመረችው። ብዙ ቆየች፤ መምህርቷ አንዴም ሰዓቷን አላየችም። ስትጨርስም «ተቀብለናታል» አለች።

በመልስ መንገድ ቁልፌ ከፊት ከፊት እየዘለለች፣ «ቀሚሱን ግን መቼ ነው የምንሰፋላቸው?» ትላለች።

እናት ወደ ሜትር ጠጋ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ክፍያው ከበድ ይላል፤ ግን ከአባትሽ ጋር ተነጋግረን እንደምንም እንችለዋለን ብለናል። ያንቺ ትምህርት ቤት ጥሩ ከሆነ ደግሞ ለምን እንንገላታለን? የምታውቂው አንቺ ነሽ። እውነቱን ንገሪኝ።»

«ጥሩ ነው» የሚለው ቃል አፏ ላይ ደርሷል። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ስትመልሰው የኖረችው ነው። ፈጽሞ ውሸት ነው እንኳ አይባልም፤ ጓደኞቿ እዚያ ናቸው፣ የሒሳብ መምህሩ ሲቀልድ ክፍሉ በሳቅ ይሞታል። ግን ያ «በምን አወቅሽ?» ከጆሮዋ አልወጣ አለ። ሰባ ስምንት ልጅ ባለበት ክፍል መምህሩ ይጠይቃል፣ አንዱ ይመልሳል፣ ወደ ሌላው ይታለፋል። እሷን ሁለተኛ ጥያቄ የጠየቃት ሰው ለማስታወስ ሞከረች። አጣች።

«አንድ አግዳሚ ላይ አራት ሆነን ነው የምንቀመጠው» አለች። «አንድ መጽሐፍ ለሦስት ነው። የሳይንስ መምህራችን ከሄደ ወዲህ ሌላ አልመጣም።»

እናት ቆም አለች። «ጥሩ ነው ስትዪኝ አልነበር?»

«ማሽኑ ላይ ጎብጠሽ እያየሁሽ ምን ልበል፣ እማ?»

«ይሄን ሁሉ ዓመት ሸወድሽኛ።» ፈገግ ልትል ሞከረች፤ አልሆነላትም። «የማሽኑን ነገር ለኔ ተይው እሺ?»

ቁልፌ ርቃ ሄዳ ነበር። ሜትር የእህቷን ትንሽ ጀርባ አየች። «እዚያው የተቀበሏት ቦታ ትግባ። እኔ አደርሳታለሁ። ትንሽ ቀደም ብዬ ከተነሳሁ እኔም አላረፍድም።»

እናት ክንዷን ያዘቻት።

«እናንተ ጋ የወላጅ ስብሰባ የሚባል የለም?»

ሌላ ጊዜ «የለም» ትል ነበር። እናቷ የተሰበረውን መስኮት፣ ተጨናንቀው የሚቀመጡበትን አግዳሚ እንድታይባት አትፈልግም።

«አለ» አለች። «ሐሙስ ጠዋት ነው። መቀመጫ ግን ላይበቃ ይችላል።»

«እቆማለሁ» አለች እናት።