የራውዳ የማስተማር ፈተና

ራውዳን መጀመሪያ ሳያት ቶብ ታስተምር ነበር። እውነቴን ነው! ደማም፣ አል ፈይሰሊያ ሠፈር አንድ ቤት ኤሲ ልጠግን ገብቼ የመተኮሻውን ክፍል በር ስከፍት፣ የአባወራው ነጫጭ ቶቦች፣ እነዚያ የዓረብ ረጃጅም ቀሚሶች፣ መስቀያ ላይ ተደርድረዋል። እሷ በመጥረጊያ እንጨት እያመለከተች ትጠይቃቸዋለች።

«እሺ ተማሪዎች... ኩላሊት ደምን እንዴት ነው የሚያጣራው? ማን ይመልስልኛል?»

ቶቦቹ ዝም አሉ። አሳዘነችኝ።

«እኔ ልሞክር?» አልኳት።

መጥረጊያው ከእጇ ወደቀ። «ያ አላህ! አንተ ደግሞ ከየት መጣህ?»

«ከወሎ።»

«የወሎ ሰው አንኳኩቶ ነው የሚገባው!»

ሳቋን ልትደብቅ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔ ግን አየሁት፤ በቃ፣ አለቀልኝ።

ኤሲው ማጣሪያው በአቧራ ከመታፈኑ በቀር ምንም አልሆነም። አሠሪዋ ማዳም ከሳሎን «ኸላስ? ማፊ ሙሽኪላ?»፣ አለቀ? ችግር የለም? ስትል ግን ሙሽኪላው ከባድ ነው፣ ነገም መመለስ አለብኝ አልኳት። አላህ ይቅር ይበለኝ።

ራውዳ የሐይቅ ልጅ ናት። በባዮሎጂ ተመርቃ ሥራ ብታጣ ነው ደማም የመጣችው። የማዳም ልጆች ትምህርት ቤት ሲውሉ፣ የኮሌጅ መምህር ለመሆን የሚያበቃውን ማስተርስ ከአገር ቤት በስልኳ ትማራለች። እኔ ከአሥረኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። ስልክ ተለዋውጠን ስንደዋወል ግን የማናወራው አልነበረም።

«የቀረኝ የማስተማር ፈተናው ብቻ ነው» አለችኝ አንድ ቀን። «እውነተኛ ሰዎችን ሳስተምር በቪዲዮ ተቀርጾ ለመምህሬ ይላካል።»

«ካለፍሽስ?»

«ደሴ አንድ ኮሌጅ ሊቀጥረኝ ቃል ገብቷል። ማዳምም ኹሩጅ፣ የመውጫ ቪዛዬን፣ ልታስመታልኝ ተስማምታለች። ጠቅልዬ እገባለሁ፣ ኸጣብ!» አለች ስሜን አስረዝማ።

«ኢንሻአላህ» አልኳት። አፌ ነው ያለው፤ ልቤማ ጭልጥ ብሎ ሄደ። የእኔ ውል ገና ብዙ ይቀረዋል።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ፣ አል ጀለዊያ ሠፈር፣ ጓደኛዋ ሸቱ የተከራየችው ቤት፣ እኔና ጥቂት ያገር ልጆች ተሰበሰብን። ራውዳ አስተማረች፤ እኛ ራሳችንን ነቀነቅን። «ጥያቄ አለ?» ስትል ሁሉም በአንድ አፍ «ገብቶናል እህታችን! አላህ ይጨምርልሽ!» አለ። ሸቱማ አጨበጨበች። ሰው ቤት ተጋብዞ መምህርት ማስጨነቅ ነውር አይደል?

ቪዲዮው ተመለሰ። «እነዚህ እንግዶች እንጂ ተማሪዎች አይደሉም» ብሏታል መምህሯ። «ይሉኝታ ይዟቸዋል። መግባት አለመግባቱን በምን አወቅሽ? አንድ ዕድል ብቻ አለሽ።»

ስታለቅስ አብሬያት ልሞት ደረስኩ። አብሮኝ የሚኖረው ኑርዲን ግን ደስ አለው።

«አንተ ሞኝ! አሁንም አብረህ ራስህን ነቅንቅ» አለኝ። «ካላለፈች የት ትሄዳለች? እዚሁ ያንተ ናት።»

አልዋሽም፣ ምክሩ ጣፈጠኝ። ቀኑን ሙሉ ሳመነዥከው ዋልኩ።

በሁለተኛው ዓርብ ራውዳ ጀመረች። «ኩላሊት ደምን ያጣራል...» ሁሉም ነቀነቀ። እኔ እጄን አወጣሁ።

«አልገባኝም።»

ሸቱ ጭኔን ቆነጠጠችኝ።

«ምኑ ነው ያልገባህ?» አለች ራውዳ፣ ፊቷ በርበሬ መስሎ።

«የኤሲ ማጣሪያ ሲደፈን አውጥቼ አጥበዋለሁ። የኩላሊትን ማጣሪያ ማን ያጥበዋል?»

እንባዋ የመጣ መሰለኝ። ከዚያ ግድግዳው ላይ ወዳቆመችው ሰሌዳ ዞረች፤ ሥዕል እየሣለች፣ ማጣሪያውን የሚያጸዱ ጥቃቅን ሕዋሳት እንዳሉ ነገረችን። አሁንም አልገባኝም አልኳት። እንደገና ሣለች። ይሄኔ የሌላውም አፍ ተከፈተ! አንዱ በዚህ ሙቀት ውኃ ሳይጠጡ መዋልን ጠየቀ፤ ሸቱ ራሷ የእናቷን ሕመም አነሳች። ራውዳ ከአንዱ ወደ አንዱ ስትል፣ ካሜራውንም እኔንም ረሳችን። እንደዚያ አምራ አይቻት አላውቅም።

ሰው ሲበተን ደረጃው ላይ ያዘችኝ።

«እንድወድቅ ነው የፈለግከው!»

«ራውዳ...»

«እንዳልሄድብህ ብለህ በሰው ፊት አዋረድከኝ! ኸላስ፣ ሁለተኛ እንዳትደውልልኝ!»

ስልኳን ዘጋችብኝ። ብደውል የለም፣ ብልክ የለም። ሆን ብሎ ጣለኝ ብላ ያመነች ሴትን በምን ማሳመን ይቻላል? አንገቴን ደፍቼ ኤሲዬን ስጠግን ከረምኩ።

አንድ ቀን ጣሪያ ላይ ሆኜ ስልኬ ጠራ።

«አለፍኩ» አለች። «መምህሬ ምን አለኝ መሰለህ? “ማስተማር የጀመርሽው ያ ሰውዬ እጁን ሲያወጣ ነው” አለኝ።»

«አልሐምዱሊላህ።»

«ካለፍኩ እንደምሄድ ታውቅ ነበር አይደል?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን?»

«ቪዲዮው ሲመለስ ያለቀስሽው ለቅሶ ነው። እኔ ጋ እየኖርሽ እንደዚያ ከምታለቅሺ፣ ሩቅ ሆነሽ ብትስቂ ይሻለኛል... እወድሻለሁ፣ ራውዳ።»

«ሽማግሌ ላክ» አለችኝ። «ፈጠን በል!»

አጎቴ ሽማግሌ ይዞ ሐይቅ ወረደ፤ አባቷም ፈቀዱ። ኒካሑ ዕለት አጎቴ በእኔ ወኪልነት አባቷ ቤት ተቀመጠ። ራውዳና እኔ ደማም አጠገብ ኸበር ከተማ፣ ባሕሩ ዳር፣ ሸቱን መሃል አስቀምጠን፣ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረግነው።

«ልጄ፣ ከእሱ የምትፈልጊውን መህር ተናገሪ» አሉ ሼኹ ከዚያ ማዶ።

«የአውሮፕላን ትኬት» አለች።

«ሐጅ ልትሄጂ ነው?»

«ለእኔ አይደለም። ለእሱ ነው። ውሉን ሲጨርስ ወደ እኔ የሚመጣበት።»

አባቷ ሲስቁ ተሰማኝ። እኔ ባሕሩን ማየት አልቻልኩም፣ ዓይኔ እንባ ሞልቶ ነበር። ሸቱ እልልታዋን ለቀቀችው፤ መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየን።

ራውዳ ሄደች። እኔም ውሌ እንዳለቀ መህሯን ቆረጥኩ። ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ስደርስ፣ ጠመኔ የነካው ነጭ ጋዋኗን እንኳ ሳታወልቅ ቆማ አገኘኋት።

«ዛሬ ክፍል የለሽም እንዴ?»

«ነበረኝ» አለችኝ፣ ሻንጣዬን ከእጄ እየተቀበለች። «ባሌ መጣ ብዬ አስፈቅጄ ወጣሁ።»