ወደ ኋላ የሚመልሰው ቀስት

ትናንት ከሰዓት በኋላ ጪጩ ገበያ ሲስቁ የታዩት የቡና ነጋዴ አቶ ገሪማ፣ ዛሬ ማለዳ ዲላ ቢሯቸው ውስጥ ወንበራቸው ላይ ሞተው ተገኙ። ግማሽ የቀረው ሻያቸው ክፉ ይሸታል። በየማለዳው ሻይ የምታፈላላቸው ቦንቱ ናትና ፖሊሶች ብዙም ሳይጠይቁ በካቴና አሰሯት። ውጭ ድንኳን ተጥሎ ዋይታው ያስተጋባል፤ ሰማዩም ጠቁሮ ከተማዋ ላይ ተደፍቷል።

ኢንስፔክተር ፀሐይወርቅ በቀላሉ የተገኘ ጥፋተኛ አይጥማትም። ቦንቱን፣ የሟቹን የወንድም ልጅ እስክንድርንና የቡና ነጋዴዎቹ ንብረት የሚመዘገብበትን ድረ ገጽ የሠራውን ኤልሮኢን ቢሮው ውስጥ ሰበሰበች።

«ሻዩ ውስጥ ምን ጨመርሽ?»

«ማር ብቻ! እስክንድር ነው ትናንት ያመጣው፣ ከሬኮ ተራራ የመጣ ነው ብሎ» አለች ቦንቱ።

«ለአጎቴ ስጦታ ማምጣትም ወንጀል ሆነ?» አለ እስክንድር።

«አቶ ገሪማ ባንኮ ጎቲቲ ያለውን የቡና ማጠቢያ ጣቢያቸውን ለማን ሊሰጡት ነበር?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ለሠራተኞቹ» አለች ቦንቱ። «በዚሁ ሰሞን።»

ኢንስፔክተሯ ወደ እስክንድር ዞረች። «በነጋዴዎቹ ድረ ገጽ ጣቢያውን ወደ ስምህ ልታዞረው ሞክረሃል?»

«ዛሬ ጠዋት፣ አልቅሼ ሲወጣልኝ ገጹን ለመክፈት ሞከርኩ። ኔትወርክ እምቢ አለ። አንዲት ቃል አልጻፍኩም። ይኸው!» ላፕቶፑን ገፋላት። ስክሪኑ ላይ «ግንኙነት የለም» ከሚለው በቀር ምንም አይታይም።

«ኔትወርኩ መቼ ጠፋ?»

«ትናንት እኩለ ቀን ላይ፤ እስካሁን አልተመለሰም» አለ ኤልሮኢ።

ፀሐይወርቅ ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለውን፣ ወደ ኋላ የሚመልሰውን ቀስት ነካችው። የተሞላ ቅጽ ብቅ አለ። እስክንድር ላፕቶፑን ሊነጥቅ ሲወረወር ፖሊሱ ያዘው።

«አድምጡ» አለች። «‹ወራሽ፦ እስክንድር። ምክንያት፦ ሞት።› የሞቱበት ቀን ደግሞ ዛሬ ነው ይላል። ኔትወርክ ሳይኖር ይህ ቅጽ አይከፈትም፣ አይሞላምም። ስለዚህ የተሞላው ትናንት ከእኩለ ቀን በፊት ነው። አጎትህ ግን ከሰዓት በኋላ ገበያ መሃል ይስቁ ነበር! ዛሬ እንደሚሞቱ ያወቅኸው ማሩን የመረዝከው አንተ ስለሆንክ ነው። ሌላ ወራሽ እንዳይቀድምህ ቅጹን ልትልከው ስትል ኔትወርኩ ተቋረጠ፤ የጻፍከው ሁሉ የጠፋ መሰለህ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።»

ካቴናው ከቦንቱ እጅ ወደ እስክንድር እጅ ተዛወረ።

ኤልሮኢ ወደ ላፕቶፑ ጠቆመ። «የተጻፈው እንዳይጠፋ አድርጌ የሠራሁት ጋሼ ገሪማ ለምነውኝ ነው» አለ። «በአንድ ጣት እየለቀሙ ጽፈው ጽፈው፣ ወደ ኋላ ሲመለሱ ሁሉ ይጠፋባቸው ነበር። ‹ልጄ፣ ሰው የለፋበት አይጥፋበት› አሉኝ።»

ቦንቱ ይህን ስትሰማ የአቶ ገሪማን ወንበር ይዛ አለቀሰች።