የጤና ጣቢያው ነጭ ገመድ

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ የደሃናን ሸለቆ የሞላው ጉም እስከ ጤና ጣቢያው ግቢ ወጥቶ ነበር፤ ትናንት የጀመረው ዝናብም ገና ከቆርቆሮው ጠርዝ ይንጠባጠብ ነበር።

ኢንስፔክተር ጥሩሐረግን ከሰቆጣ ያመጣት መኪና ሌሊት ከሞላው ወንዝ ማዶ ቀርቷል። የመጨረሻውን ዳገት በእግሯ ወጣች። በማዋለጃው ክፍል ዮርዳኖስ በነጠላ ተሸፍና ተጋድማለች። ትናንት ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ወንድ ልጅ ተገላገለች፤ ከዚያ ደሟ አልቆም አለ፤ ማምሻውን ዐረፈች። ልጁ ተርፏል።

አዋላጇ ጸሐይነሽ መድኃኒት ክፍል ውስጥ ተቆልፎባታል። የቆለፉባት የሟች ዘመዶች ናቸው።

«ቁልፉ ማን ጋ ነው?» አለች ጥሩሐረግ።

«እኔ ጋ» አለ አንድ ጠብደል ያለ ጎልማሳ። የሟች ወንድም ምንዋጋው ነው፤ ኮረብታው ላይ ካለው ገበያ አጠገብ በዲሽ ኳስ የሚያሳይ ቤት አለው። «እሷ ሳትታሰር እህቴ አትቀበርም።»

«ቁልፉን ስጠኝ።»

«ታመልጣለች።»

«በምን? እኔ እንኳ መኪናዬን ማሻገር አልቻልኩም።»

ከዘመዶቹ አንዱ ሳቁን ዋጠ። ምንዋጋው ቁልፉን ሰጣት።

ጸሐይነሽ ወለሉ ላይ፣ በካርቶኖች መሐል ተቀምጣለች። እጆቿን ታጥባለች፤ የቀሚሷ ጫፍ ግን የትናንቱን ደም እንደያዘ ነው።

«አምቡላንስ ለመጥራት አልደወለችም ይሉሻል» አለች ጥሩሐረግ።

«ደውያለሁ። ደጋግሜ ደወልኩ። ዝናቡ ከጀመረ ወዲህ ስልኩ ድምፅ የለውም።»

«ትናንት ጠዋት ሠርቷል ይላሉ።»

«እውነታቸውን ነው። ጠዋት ብራ ነበር፤ አምደወርቅ ከተማ ደውዬ መድኃኒት ጠይቄበታለሁ። የማያምኑኝም ለዚሁ ነው።»

«ከዚያስ?»

«ጥበቃውን፣ አያ ገብረ አምላክን፣ ወደ ኮረብታው ላክኋቸው። ኔትወርክ ያለው እዚያ ነው። እንደ ደረሱ ምንዋጋው ደወለ፤ አምቡላንሱም ሳይውል ሳያድር ተነሣ። ሲደርስ እጄ ሆዷ ላይ ነበር። እሷ አልነበረችም።» ቀና ብላ አየቻት። «ይዘውኝ ሊሄዱ ነው?»

«ያላወቅሁትን አልነግርሽም።»

ስልኩ በእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ ነው። በዚህ ስርጥ ውስጥ ኔትወርክ ስለማይደርስ፣ ከኋላው የወጣ ወፍራም ነጭ ገመድ በመስኮት በኩል ሾልኮ ግቢው መሐል ወዳለው ምሰሶ፣ ምሰሶው ጫፍ ወደ ተሰቀለው አንቴና ይሄዳል። ጥሩሐረግ ምርመራ ክፍል ከመግባቷ በፊት በፖሊስ ሬዲዮ ክፍል ሠርታለች። ስልኩን ገልብጣ የገመዱን ጫፍ አየች። ገመዱን ከስልኩ የሚያገናኘው ብረት፣ ኮኔክተሩ፣ ረጅምና ለስላሳ ነው፤ በመጭመቂያ መሣሪያ የተገጠመ፣ ገመዱ ላይ እንደ ቆዳው የተጣበቀ። ስልኩን አነሣች። ድምፅ የለም።

«መሰላል ይኖራል?» አለች ወደ ጥበቃው ዞራ።

«የለም፣ ልጄ» አሉ አያ ገብረ አምላክ።

ምሰሶው ሥር የመሰላል እግር የሚያክሉ ሁለት ጉድጓዶች አሉ፤ ዝናቡ ጠርዛቸውን ልሶታል እንጂ አልደፈናቸውም። ወደ ማብሰያ ቤቱ ኋላ ዞረች።

«ይህስ ምንድን ነው?»

ሽማግሌው አዩት። «እሱማ መሰላል ነው።»

ራሷ ወጣች። እላይ ያለው ኮኔክተር ሌላ ነው፤ አጭር፣ በእጅ እየተጠመዘዘ የሚገባ፣ ለቀጭን ገመድ የተሠራ። ፈታችው። ጣቷ ላይ ውኃ ተንጠባጠበ። የገመዱ ልባስ ዙሪያውን በምላጭ ተልጧል፤ ከሥሩ መኖር የነበረበት የሽቦ መረብም ተላጭቷል። ትርፍ ገመድ ተጠቅልሎ የሚታሰርበት ማሰሪያ ባዶውን ቀርቷል፤ ገመዱ እንደ ክራር ክር ተወጥሯል።

ስትወርድ ምንዋጋው ከመሰላሉ ሥር ቆሟል።

«በከንቱ ነው የምትደክሚው። ስልኩ ጤነኛ ነው። እሑድ ለት ራሴ ከዚሁ ጠረጴዛ ለዮርዳኖስ ደውዬላታለሁ። ‹ይሰማሻል ወይ?› ብላት፣ ‹አጠገቤ የቆምክ ነው የሚመስለው› ነው ያለችኝ። ማክሰኞ ምን ነካው? ሴትዮዋ ሰንፋ ነው እንጂ።»

«እሑድ ዕለት ዮርዳኖስ የት ነበረች?»

«ቤቷ ነዋ። ከእኔ ቤት ጎን፣ ኮረብታው ላይ።»

ጥሩሐረግ ትታው አለፈች። የሟች ባል ተስፋው ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። አጠገቡ ቁጢጥ አለች።

«አንተስ ምን ትላለህ?»

«ቤት ትውለድ ብዬ ነበር። እሷ ናት ‹እዚያ ስልክ አለ፤ ወንድሜ ደውሎ አሳይቶኛል› ያለችኝ። አመንኳት።» መሬቱን እያየ ነበር የሚናገረው። «አዋላጇን ከወሰዱብን በኋላ ማን ይመጣል?»

ጥሩሐረግ ተነሣች።

ጥበቃውን አስከትላ ወደ ገበያው ኮረብታ ወጣች። መንገዱ ጭቃ ነው፤ ሽማግሌው ትናንት እንዴት እንደሮጡ ከትንፋሻቸው አወቀች። የኳስ ቤቱ በር ክፍት ነው። ከዲሹ የሚመጣው ገመድ ጥቁርና ቀጭን ነው፤ ሪሲቨሩ ጋ ሊደርስ ክንድ ያህል ሲቀረው ግን ነጭና ወፍራም ሆነ። መጋጠሚያው በፕላስተር ተጠቅልሏል። ጫፉ ላይ ረጅም፣ ለስላሳ፣ በመጭመቂያ የተገጠመ ኮኔክተር አለ። ወለሉ ላይ የወደቀ የጥቁር ገመድ ቁራጭ አንሥታ ኪሷ ከተተች።

«አያ ገብረ አምላክ፣ እዚህ ኳስ ለማየት ይከፍላሉ?»

«ሲያሻኝ እገባለሁ፤ ማን ይጠይቀኛል።»

«ከመቼ ወዲህ?»

ሽማግሌው ኮፍያቸውን አውልቀው በእጃቸው ያዙ።

እኩለ ቀን ላይ ጉሙ ተነሣ፤ ፀሐይ ወጣች። ጥሩሐረግ ኮኔክተሩን በመሐረብ አድርቃ መልሳ አጠበቀችውና ሁሉንም በረንዳው ላይ ሰበሰበች። ተስፋው፣ ምንዋጋው፣ ዘመዶቹ፣ ለፍትሐት የመጡት ቄስ። ጸሐይነሽ በሩ ላይ ቆመች።

ጥሩሐረግ ስልኩን ከነገመዱ መስኮቱ ላይ አስቀመጠች። አነሣችው። የመስመሩ ድምፅ እስከ በረንዳው ጫፍ ተሰማ።

«አላልኩም?» አለ ምንዋጋው።

«ብለሃል። አያ ገብረ አምላክ፣ ይጀምሩ።»

ሽማግሌው መሰላሉ ላይ ሆነው ከማንቆርቆሪያ ውኃ በኮኔክተሩ ላይ አፈሰሱ። ድምፁ ሻከረ፣ ቀጠነ፣ ጠፋ። ጥሩሐረግ እጀታውን ለቄሱ ሰጠች። ቄሱ ጆሯቸው ላይ አድርገው ለተስፋው አቀበሉት፤ ተስፋው ለሚቀጥለው። እጀታው በዝምታ ከሰው ወደ ሰው ዞረ።

«ጸሐይነሽ ደውላለች» አለች ጥሩሐረግ። «ከቅዱስ ዮሐንስ ወዲህ እስከ ትናንት ጠብ ያለ ዝናብ ስላልነበረ፣ ስልኩ መታመሙን ማንም አላወቀም። የዚህ ገመድ አንደኛው ጫፍ በመሣሪያ ተጨምቋል፤ ሌላው በእጅ ተጠምዝዟል። አንድ ባለሙያ አንዱን ገመድ በሁለት ዓይነት አይገጥምም። ስለዚህ የላይኛውን ሌላ ሰው ቀይሮታል።»

ትንሹን ኮኔክተር አስወርዳ መዳፏ ላይ ያዘችው።

«ይህ የቀጭን ገመድ ነው። ወፍራሙ አልገባለት ሲል ሰውየው መረቡን ላጨው። መረቡ የኮኔክተሩን አንገት ዙሪያውን መንካት አለበት፤ ካልነካ ድምፁ በዕድል ነው የሚያልፈው። ክፍተቱም ውኃ ያስገባል። በብራ ይሠራል፤ በዝናብ ይሞታል።»

ከኪሷ ጥቁሩን ቁራጭ አወጣች። ኮኔክተሩን ጫፉ ላይ አደረገችው። ገባ፤ ጠበቀ።

«ቁራጩን ያነሣሁት ከምንዋጋው ቤት ነው። ከዚህ ምሰሶ ላይ የጎደለው ነጭ ገመድም እዚያው፣ ከሪሲቨሩ ኋላ ነው።»

«ማንም ሊያስቀምጠው ይችላል» አለ ምንዋጋው። ድምፁ ግን ዝቅ ብሏል።

«ይችላል። እንግዲያው አንድ ነገር ልጠይቅህ። ቤትህ ኔትወርክ አለ። እህትህ ከቤትህ ጎን ናት። እሑድ ዕለት እሷን ለማነጋገር ይህን ሁሉ ቁልቁለት ወርደህ፣ ከዚህ ጠረጴዛ ለምን ደወልክ?»

መሰላሉ ላይ ያሉት ሽማግሌ ተናገሩ።

«መሰላሉን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ለጥቂት ጊዜ ነው ብሎኝ።»

ምንዋጋው ቀስ ብሎ በረንዳው ላይ ተቀመጠ።

«ሥዕሉ ይቆራረጥ ነበር። ሰው ለኳስ ተሰብስቧል። እዚህ ትርፍ ገመድ እንዳለ አውቅ ነበር... የእኔን ኮኔክተር ገጠምኩላቸው። ጥርሱ ያዘ፤ ጠበቀ። እንዲያው ተቆርጦ ብተወው ኖሮ ሰው ያውቅ ነበር... ሞከርኩት እኮ። ለእሷ ደውዬ ሞከርኩት። ‹ይሰማኛል› አለችኝ።»

ተስፋው ተነሥቶ አጠገቡ መጣ። ዘመዶቹ ሊይዙት እጃቸውን ዘረጉ። ጎንበስ ብሎ በአገሩ ቋንቋ፣ በኽምጣንጋ፣ አንድ ነገር ነገረው፤ ምንዋጋው ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ጥሩሐረግ ቋንቋውን አታውቅም። ሊተረጉምላት የደፈረም የለም።

«ቃልህን ሰቆጣ ትሰጣለህ» አለችው። «ሆን ብለህ እንዳላደረግኸው እጽፋለሁ። ያደረግኸውንም እጽፋለሁ።»

«ቀብሯን ልቁም?»

«ቁም።»

ወደ ጸሐይነሽ ዞረች። «አንቺ ነፃ ነሽ።»

ዘመዶቹ ከበሩ ገለል አሉ። ሁለቱ ዱላቸውን ግድግዳ ላይ አስደገፉ። አንዲት አሮጊት «የኔ ልጅ፣ እኛኮ...» ብለው ጀመሩና አልጨረሱትም። ጸሐይነሽ ሁሉንም በየተራ አየቻቸው፤ ትናንት በር የዘጉባትን እጆች።

«መኪናው ሰቆጣ ድረስ ነው የሚሄደው?» አለች።

«ወንዙ ከጎደለ፣ አዎ።»

ጸሐይነሽ ሻንጣዋን ልታወጣ ወደ ውስጥ ገባች።

ጤና ጣቢያው እስከ ጥምቀት አዋላጅ አልነበረውም።