ያልተቆለፈው ማብሪያ

«እጅሽን አስገቢ እንጂ! ስምንት ደቂቃ ነው የቀረን» አለች ቱርቦ። በሥልጠና ማዕከሉ ይህን ቅጽል ያወጡላት ሥራዋም ወሬዋም ስለሚፈጥን ነው።

የጥገና ሠልጣኞች የተግባር ፈተና ላይ ነበሩ። የሁለቱ ጓደኛሞች ድርሻ የሞተሩን አሮጌ ቺንጋ፣ ማለትም ማዞሪያ ቀበቶውን፣ አውልቆ አዲስ ማጥለቅ ነው። ማሽን ከመነካቱ በፊት ግን ማብሪያው ጠፍቶ በጓጉንቸር መቆለፍ አለበት። ይህ የቱርቦ ሥራ ነበር።

የቱርቦ ጓደኛ የሆነችው ልጅ ጣቶቿን ወደ ቺንጋው ልትሰድ ስትል ቆም አለች።

«ቆልፈሽዋል አይደል?»

«የፈተናው ቅጽ ላይ ምልክት አድርጌያለሁ።»

«ስለ ቅጹ አልጠየቅኩሽም።»

ቱርቦ አቀረቀረች። «ጓጉንቸሩን ቤት ረስቼዋለሁ። ደሞ ማን ይነካዋል? አታካብጂ ባክሽ!»

ልጅቷ እጇን ሰበሰበች። ወዲያው ሞተሩ እያጓራ ተነሣ፤ ቺንጋው ዓይን እስኪያጭበረብር ተሽከረከረ። ከማብሪያዎቹ አጠገብ የቆመ አንድ ሠልጣኝ ደንግጦ መልሶ አጠፋው።

«ይቅርታ፣ የመሰርሰሪያው መስሎኝ ነው!»

ወርክሾፑ ከጠዋት ጀምሮ ሲጮኽ ስለዋለ ማንም ዞር ብሎ አላያቸውም። ልጅቷ ግን ከሞተሩ ራቅ ብላ ቆመች። ቱርቦ ፊቷ አመድ መሰለ።

«አልነካሽም አይደል? እሰይ፣ ተመስገን!» አለችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «በናትሽ ለማንም እንዳትናገሪ። ከወደቅሁ እማዬ ትምህርቱ ይቅርብሽ ብላ ሱቅ ታስቀምጠኛለች። ታውቂያታለሽ።»

ልጅቷ የቱርቦን እናት ታውቃቸዋለች። እሳቸው አንዴ ካሉ አሉ ነው።

አሠልጣኙ መጡና ቅጹን ዘረጉላቸው። «እናንተስ ከምን ደረሳችሁ? ለማንኛውም እዚህ ጋ ፈርሙ።»

ቱርቦ ቶሎ ብላ ፈረመች። ልጅቷ እስክሪብቶውን ተቀብላ «ማብሪያው ተቆልፏል» ከሚለው አጠገብ ያለውን ምልክት ሰረዘችው። «አልተቆለፈም» ብላ ጻፈች፤ ከሥሩም ፈረመች።

አሠልጣኙ ቅጹን አንብበው ሁለቱንም በየተራ አዩዋቸው። «በሚቀጥለው ሳምንት ፈተናውን ትደግማላችሁ» አሉ።

ቱርቦ ቱታዋን አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ ጠቀጠቀችው። «ጉድ ሠራሽኝ» አለች፣ ቀና ብላ ሳታያት።

«ዛሬ አብሬሽ ቤታችሁ እመጣለሁ። እናትሽን እኔ ራሴ አናግራቸዋለሁ።»

ቱርቦ ቦርሳዋን አንግታ ቀድማ ወጣች። ልጅቷ መፍቻዎቹን ጠራርጋ ወደ ቦታቸው መለሰችና ወጣች። ቱርቦ በሩ ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማ ነበር። አልሄደችም።