ጥርት ያለ ስንብት

ቲርታ ማን ስታፒት የሞተው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ኮምፒውተሩ አዲስ ሲስተም በተጫነለት ቀን ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሲያገኙት ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ራሱ ወደ ኋላ ተንጋሏል፣ ከንፈሩ ጠቁሯል፣ ከጎኑ ያለው የእርጎ ሳህን ተሟጧል። እርጎው ውስጥ እህል ከነቀዝ የሚጠበቅበት መርዛማ ክኒን ተገኘ። ስክሪኑ ላይ ደግሞ ጥርት ባለ የኔፓል ፊደል እንዲህ የሚል ተጽፎ ነበር፦

«የሠላሳ ዓመት ጽሑፌ ዛሬ ጠፋ። አዲሱ ሲስተም በላው። ከእንግዲህ የምኖርበት ምክንያት የለኝም። ይህን ያደረገችውን እግዜር ይይላት።»

«ይህን ያደረገችው» ሬኑካ ታማንግ ነች። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ፓታን ከተማ ውስጥ፣ ከገበያው ጀርባ፣ ባለ አንድ በር የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ አላት። እሑድ ጠዋት የሰፈሩ ሰው ሱቋን ሰባበረው። ከፊት ሆና የመራችው የሟች ምራት ሊላ ነበረች፤ ልጅቷን ፊቷ ላይ ተፋችባት። ፖሊስ ሬኑካን ያሰራት በከፊል ሕዝቡ እንዳይገድላት ነው፣ በከፊል ደግሞ ሰው ራሱን እንዲያጠፋ መገፋፋት አምስት ዓመት ሊያስፈርድ ስለሚችል።

ኢንስፔክተር ዲልማያ ራይ መዝገቡን የተረከበችው ማክሰኞ ነው። ክሱ የሚቀርበው ሐሙስ ነው። «ቀላል ጉዳይ ነው» አላት አለቃዋ። በሃያ ስድስት ዓመት ሥራዋ ቀላል የተባለ ጉዳይ ሁሉ ሁለቴ አሠርቷታል። ስለዚህ መጀመሪያ ልጅቷን አስጠራች።

«ዲዲ፣ እኔ ምንም አላጠፋሁም!»

«እህቴ የምትዪኝ ቡና ስጋብዝሽ ነው። እዚህ ኢንስፔክተር ነኝ። ምን አደረግሽ?»

«ሲስተሙን ቀየርኩ። መጀመሪያ ፋይሎቹን በሙሉ ገለበጥኩ፣ ኋላ መለስኳቸው። አንድም አልጎደለም።»

«ታዲያ ለምን አይነበቡም?»

ሬኑካ የሞኝ ጥያቄ እንደሰማ ሰው አየቻት። «ፎንቱ የለማ! አባባ ቲርታ የሚጽፉት በድሮው ፎንት ነው። ማሽኑ የሚያውቀው የፈረንጅ ፊደል ብቻ ነው፤ ፎንቱ ከላይ የኛን ፊደል እንደ ጭምብል ያለብሰዋል። ሲስተም ሲቀየር ጭምብሉ ይወልቅና ዝባዝንኬው ይቀራል። ፎንቱ ሲጫን መልሶ ይነበባል። ፍላሹን ሱቅ ረስቼው ስለነበር እሑድ ጠዋት አመጣለሁ ብያቸው ስምንት ሰዓት ላይ ወጣሁ። አመጣሁም። እጄ ላይ ይዤው ነው የተፋችብኝ።»

«ሽማግሌው አልተቆጡም?»

«ሳቁብኝ እንጂ! ‹ዓይኔ ባያየው ጣቴ ያውቀዋል፤ አንቺ ሂጂ› አሉኝ።»

«ያለ ጭምብል የሚጻፈው ፊደልስ?»

«እሱን ለሁሉም ደንበኛ እጭናለሁ። ሌላ የቁልፍ ገበታ ነው። የሚጻፈው በድምፅ ነው፤ ቃሉን እንደሚሰማው በፈረንጅ ፊደል ትመቺዋለሽ፣ በኛ ፊደል ይወጣል። አንድ ቁልፍ ተጭነሽ ትቀይሪዋለሽ፣ ለቤቱ ሰው ሁሉ አሳይቻለሁ። አባባ ግን ‹የሰነፍ ገበታ› ይሉታል፤ ነክተውት አያውቁም።»

«ለመሆኑ ሲስተሙን መቀየር ለምን አስፈለጋቸው?»

«የፍርድ ቤቱ ማመልከቻ መቀበያ ገጽ በአሮጌው አልከፈት አላቸው።»

ዲልማያ ብዕሯን አስቀመጠች። ቲርታ ማን ፍርድ ቤት ደጃፍ ተቀምጦ ሠላሳ ዓመት የሰው ማመልከቻ ጽፏል፤ ሥራውን ከተወ ግን ሦስት ዓመቱ ነው። የፍርድ ቤት ገጽ ምን ያደርግለታል?

ከሰዓት በኋላ ወደ ቤቱ ሄደች። ልጁ ኡታም ራሱን ተላጭቶ፣ ነጭ ለብሶ ጭድ ላይ ተቀምጧል። የአባቱን አስከሬን በወጉ ያቃጠለ ልጅ እስከ አሥራ ሦስተኛው ቀን ጨው አይቀምስም፣ ማንም አይነካውም። ከባንክ ሥራው ፈቃድ ወስዷል።

«አባቴ የሚኖረው ለዚያ ጽሑፍ ነበር» አለ። «ፋይሎቹን ከፍተሽ እያቸው። ሁሉም ዝባዝንኬ ሆነዋል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጊያለሽ?»

«የት ነበርክ?»

«ፎቅ ላይ ተኝቼ።»

«ማሽኑን ነክተሃል?»

«እኔ? ቢሮዬ ሁሉ ነገር በእንግሊዝኛ ነው። በኔፓልኛ ስሜን እንኳ አልጽፍበትም።»

ጠበቃ ባሱዴቭ ኦጃ የሟች የሠላሳ ዓመት ባልንጀራ ነው፤ ለለቅሶ መጥቶ እዚያው ተቀምጧል። ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጥቶ ዘጠኝ ተኩል ላይ ሄዷል።

«እኔና ኮምፒውተር?» አለ። «ልጄ፣ እኔ ስልኬ የሚዘጋው ባትሪው ሲያልቅ ብቻ ነው። ከአሥር ሰዓት ጀምሮ በእህቴ ልጅ ሰርግ ከባንዱ ፊት ስጨፍር ሦስት መቶ ሰው አይቶኛል። ቪዲዮም አለ። እባክሽ አትዪው።»

«ቲርታ ማን ምን አሉዎት?»

የጠበቃው ፈገግታ ጠፋ። «‹ባሱዴቭ፣ ሐሰት መሆኑን እያወቅህ የጻፍከው ማመልከቻ አለ?› አለኝ። ‹የሌለው ማን አለ?› አልኩት። አልሳቀም።»

ሊላ ቅዳሜ ስምንት ተኩል ላይ ወደ እናቴ ቤት ሄጄ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተመለስኩ አለች። የእናቷ ቤት ሁለት ቅያስ ብቻ ነው የሚርቀው፤ ደርሶ ለመመለስ አሥር ደቂቃ ይበቃል።

«ከማግባቴ በፊት ስምንት ዓመት ከአባባ ጎን ተቀምጬ ጽፌያለሁ» አለች። «ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ቁልፍ ካየሁ በማስመሪያ ጣቴን ይመቱኝ ነበር። በዚያች ልጅ ላይ ካልፈረዳችሁ እኔ አልለቃትም!»

ዲልማያ ላፕቶፕ አወጣች። «ጸሐፊያችን ታሟል። ስማችሁንና አድራሻችሁን ራሳችሁ ጻፉልኝ።»

ሊላ ዓይኗን መስኮቱ ላይ ተክላ ጣቶቿን አስሮጠች። ስክሪኑ ላይ የፈረንጅ ፊደል፣ ቅንፍና ሰረዝ ተዘበራረቀ። «ውይ፣ ፎንቱ የለውም» አለች። «ግን ልክ ነው። ይኸው፤ ጂ፣ ቅንፍ፣ ኬ፣ ኤፍ፣ ኤን፤ ‹ኔፓል› ይላል። እኔ እንዲሁም አነበዋለሁ።»

ለኡታም ላፕቶፑ ጭዱ ጫፍ ላይ ተቀመጠለት። ሳያስብ አንዷን ቁልፍ ተጭኖ ገበታውን ቀየረና በሁለት ጣቱ ስሙን በድምፅ ጻፈ። ጥርት ብሎ ወጣ። ጠበቃው እስኪርቢቶ ለመነ።

ዲልማያ ጣቢያ ስትመለስ የሟችን ማሽን ከፈተች። ዝባዝንኬውን ማንበብ አትችልም፤ ማየት ግን ትችላለች። አሥር ፋይል ከፈተች፣ ሃያ ከፈተች፤ የመጀመሪያው መስመር በሁሉም አንድ ዓይነት ነው። ማመልከቻ እንደ ጸሎት ነው፤ አጀማመሩ አይለወጥም። ከዚያ በተጻፉበት ሰዓት ደረደረቻቸው። ሲያልቅ ተነስታ የሬኑካን ፍላሽ ከተያዘው ንብረቷ መሃል አወጣችና ልጅቷን አስጠራች።

ረቡዕ ረፋድ ላይ ሁሉም በሟች ክፍል ተሰበሰቡ። ማሽኑ ወደ ቦታው ተመልሷል። ሬኑካ በካቴና ታስራ ከኮንስታብል ቻውዳሪ ጋር በሩ ሥር ቆመች።

«ይቺን ለምን አመጣችኋት?» ሊላ ጮኸች።

«ቁጭ በይ» አለች ዲልማያ። «ስንብቱ ጥርት ያለ ነበር። ጥፋቱም እሱ ነው። ቲርታ ማን እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ብዕር አይዙም፤ ሲተይቡ ደግሞ ከድሮው ገበታ ሌላ አያውቁም። ቅዳሜ ከስምንት ሰዓት በኋላ እዚህ ማሽን ላይ የድሮው ፎንት የለም። እሳቸው ቢጽፉት ኖሮ ምን ይወጣ ነበር?»

«ዝባዝንኬ» አለች ሊላ። ድምፅዋ ቀነሰ።

«ስለዚህ ስንብቱን የጻፈው በድምፅ የሚጽፍ ሰው ነው። ሲቀጥል፣ እኚህ ሰው ጽሑፋቸው ጠፋ ብለው አምነዋል ወይ? አላመኑም። ዘጠኝ ሰዓት ከሃምሳ ላይ፣ እንግዳቸው ከሄዱ በኋላ፣ ቁጭ ብለው አንድ ገጽ ሙሉ በድሮው ገበታ ጽፈዋል፤ ስክሪኑ አንድ ፊደል እንኳ ሳያሳያቸው። ጽሑፌ ጠፋ ብሎ የሚሞት ሰው በዚያው ጽሑፍ አዲስ ገጽ አይጀምርም። እሑድ ፎንቱ እንደሚመጣ ያውቁ ነበር።»

ጠበቃው ወደፊት ጎንበስ አለ። «ገጹ አለ?»

«አለ። ነገሩም እዚህ ላይ ነው። ማሽኑ እንደመዘገበው ያንን ገጽ አሥራ አንድ ተኩል ላይ አንድ ሰው ከፍቶ አይቶታል፤ ሳይነካ ዘግቶታል። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ስንብቱ ተጻፈ። ያየው ሰው ማንበብ ቢችል ኖሮ ያጠፋው ነበር። ሊላ ማንበብ ትችላለች፤ ስትጽፍም ጣቷ የሚሄደው በድሮው ገበታ ነው። ጠበቃው ሰርግ ላይ ናቸው። ሬኑካ ዝባዝንኬው ማመልከቻ መሆኑን ታውቃለች፤ ደግሞስ የራሷን ክስ ለምን ትጽፋለች? የቀረው ሰው በድምፅ ይጽፋል፣ የድሮውን አያነብም፤ ዝባዝንኬውንም ሊያጠፋው አልፈለገም፤ ‹አባቴ ለምን ራሱን ገደለ› ለሚለው ማስረጃዬ ብሎ የያዘው እሱን ነበርና። ማክሰኞ ራሱ ‹ከፍተሽ እያቸው› አለኝ።»

ኡታም ቀና አለ። «ይሄ ሁሉ ለአንድ ገጽ ቆሻሻ?»

«ሊላ፣ ቆሻሻውን አንብቢልን» አለች ዲልማያ።

ሊላ ስክሪኑ ፊት ተቀመጠች። ጣቷን ከፊደሎቹ ሥር አስሄደች። «‹እኔ ቲርታ ማን ስታፒት፣ ዕድሜ ሰባ አንድ፣ በራሴ ፈቃድ የማቀርበው ማመልከቻ። ከአራት ዓመት በፊት አንዲት ልጅ በመኪና ተገጭታ ሞታለች። ሾፌራችን ቢርካ ማጋር ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ታስሯል። ያን የእምነት ቃል የጻፍኩለት እኔ ነኝ። ሐሰት መሆኑን አውቅ ነበር። ሲስተሙ ሊቀየር ነው ተብዬ ፋይሎቼን ሳጠራ አገኘሁትና ደግሜ አነበብኩት፤ እንቅልፍ አጣሁ። መኪናውን ይነዳ የነበረው ቢርካ አይደለም። ይነዳ የነበረው ልጄ...›»

ቆመች።

«ቀጥዪ» አለች ዲልማያ። እጇ ላይ የታጠፈ ወረቀት ይዛለች፤ ሊላ ግን አላየችውም።

ሊላ በአሥራ አራት ዓመት ትዳሯ የባሏን ስም በአፏ ጠርታ አታውቅም። ሚስት የባሏን ስም ከጠራች ዕድሜው ያጥራል እየተባለች ነው ያደገችው። ሌላ ስም ማንበብ ትችል ነበር፤ ማንም አያውቅባትም። ኡታም ዓይኗን ፈለገ። እሷ ፊደሎቹን ታያለች።

«‹ኡታም› ነው የሚለው» አለች። «‹ልጄ ኡታም ስታፒት ነው። ይህንን ዛሬ ጠዋት ነግሬዋለሁ። እሑድ የሥራ ሳምንት ሲጀምር ፍርድ ቤት አብረን እንሂድ ብዬዋለሁ።›»

«ውሸቷን ነው! ፈጥራ ነው!»

ዲልማያ ወረቀቱን ለጠበቃው ሰጠችው። «ትናንት ጣቢያ ባለ ሌላ ማሽን ላይ ፎንቱ ተጭኖ የታተመ ነው። ያስተያዩት።»

ባሱዴቭ ኦጃ መነጽሩን አደረገ። አንብቦ ሲጨርስ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። «ቃል በቃል» አለ። «እርጎውን አንተ ነህ ያቀበልከው፤ አይደል? ከልጁ እጅ ካልሆነ ቲርታ ከሰዓት በኋላ እህል አይቀምስም ነበር።»

«አምስት ሰዓት ሙሉ ነው የለመንኩት!» አለ ኡታም። ለአባቱ የሚናገር ይመስል ወደ ወንበሩ ዞረ። «ቢርካ አንዴ ተፈርዶበታል፣ ሊፈታም ሦስት ዓመት ነው የቀረው! እኔ ልጆች አሉኝ!»

«ቢርካም አለው» አለች ዲልማያ። «አባትህ ሲያጣጥሩ ፎቅ ላይ ሆነህ ሰማህ። ጸጥ ሲሉ ወረድክ።»

ኮንስታብል ቻውዳሪ አንድ እርምጃ ሄዶ ቆመ፤ ነጭ የለበሰ ሐዘንተኛ አይነካም። ዲልማያ የሬኑካን ካቴና በራሷ ቁልፍ ፈታች፣ ተሻግራ ሄደችና በኡታም እጅ ላይ ቆለፈችው። «እኔ በኋላ እታጠባለሁ» አለች።

ሲያወጡት ሊላ አልተነሳችም። ጠበቃው ተከትሎ ወረደ። ሬኑካ የእጇን አንጓ እያሻሸች በሩ ላይ ቀረች።

«ይቅርታ ልትዪኝ ከሆነ አልፈልግም» አለች። «ሦስት የደንበኛ ማሽን ተሰብሮብኛል። በሬን የገነጠሉትን በስም አውቃቸዋለሁ። ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ነው የምፈልገው።»

ሊላ ወንበሩን ወደ ገበታው ሳበችና አዲስ ገጽ ከፈተች።

«የአመልካች ስም?»

«ሬኑካ ታማንግ።»

«ዕድሜ?»

«ሃያ ሦስት።»

ጣቶቿ ቁልፎቹን ሳታይ ሄዱ። «የተከሳሾች ስም» አለች፤ ልጅቷ ግን አፏን ከመክፈቷ በፊት እጇን አነሳችባት። «ቆይ። አንደኛዋን እኔ አውቃታለሁ።»

የራሷን ስም ጻፈች፣ ነጥብ አደረገች። «ሁለተኛው ማነው?»