በግራ ጆሮ ብቻ

የባንዱ መሪ ከኪቦርዱ ሥር በጎኑ ወድቋል። የጆሮ ማዳመጫዎቹ ከሁለቱም ጆሮዎቹ አልወጡም፤ ቀጭኑ ገመድ ከጆሮው ኋላ ዞሮ፣ በአንገቱ ወርዶ፣ ግድግዳው ሥር ወዳለች ትንሽ ጥቁር ሣጥን ይሄዳል። የሣጥኗ አረንጓዴ መብራት አሁንም ይበራል። ሰውየው ቢሞትም ዕቃው ሥራውን አላቆመም።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነበር። መርማሪዋ በሩ ላይ ቆማ ክፍሏን በዓይኗ ዞረቻት። ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ ቀጠን ያለች ሴት ናት። በልጅነቷ በያዛት ሕመም ግራ ጆሮዋ ስለማይሰማ ሰው ሲያናግራት ፊቷን ወደ ግራ አዙራ ቀኝ ጆሮዋን ትሰጣለች። ይህን የማያውቁ ሰዎች ኩራት ይመስላቸዋል፤ እሷም አታርማቸውም። የተናቀ የመሰለው ሰው ብዙ እንደሚያወራ ከሥራዋ ተምራለች።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አላት ቀድሟት የደረሰው መኮንን። «በርካሽ ሽቦ ጆሮውን ተብትበው ኤሌክትሪክ አስያዙት። ሲወድቅ ጭንቅላቱ ተመታ።»

መርማሪዋ ከሬሳው አጠገብ ተንበረከከች። «ስንት ጊዜ ነው የወደቀው?»

«እንዴት ስንት ጊዜ?»

«አንዱ ቁስል ከጆሮው በላይ ነው፣ ሌላው ማጅራቱ ላይ። አንዴ የወደቀ ሰው ሁለት ቦታ አይፈነከትም።»

ጥግ ላይ የማይክራፎን ማቆሚያ አለ። ክቡ የብረት እግሩ ዙሪያውን አቧራ ለብሶ በአንድ በኩል ብቻ ተወልውሏል። መኮንኑ ይህን ሲያይ ሐሳቡን ለመለወጥ ጊዜ አልወሰደበትም፤ አደጋ ካልሆነ ግድያ ነው፣ ግድያ ከሆነ ደግሞ ገዳዩ የድምፅ ባለሙያው ነው አለ። እሷ ከተንበረከከችበት ሳትነሳ ለባለሙያው በሕንፃው ኋላ ባለው ደረጃ ላይ ካቴና አስገባለት።

ለመጠርጠሩ ምክንያት አልጠፋም። ባንዱ የሚለማመደው በአንድ አሮጌ ማተሚያ ቤት ፎቅ ላይ ነው። ሦስቱ ሙዚቀኞች በሰፊው አዳራሽ ይጫወታሉ፤ መሪው ከኪቦርዱና ከኮምፒውተሩ ጋር በጎን ያለችውን ጠባብ ክፍል ይዟል። ክፍሏ ሁለት በር አላት፤ አንዱ ወደ አዳራሹ፣ ሌላው ወደ ኋላው ደረጃ። መሪው ሲሞት በደረጃው ላይ የነበረው የድምፅ ባለሙያው ብቻ ነው። ሦስቱ ሙዚቀኞች ደግሞ መሪው «አንድ፣ ሁለት» ብሎ ዘፈኑን ካስጀመረ በኋላ ማንም ከቦታው ሳይንቀሳቀስ ሲጫወቱ ነበር። ስምንት ምት ቆጥረው ኪቦርዱ ሳይገባ ሲቀር ዘፋኟ ልታይ ሄደች፤ ጩኸቷም ያኔ ተሰማ።

ዘፋኟ የድምፅ ባለሙያው ታላቅ እህት ናት። መርማሪዋ መጀመሪያ ያናገረችው እሷን ነበር፤ የግጥሙን ወረቀት አጣጥፋ አጣጥፋ ጥፍር አሳክላዋለች። ወንድሟን ያሳደገችው እሷ እንደሆነች፣ ዛሬ ከዚህ በካቴና ከወጣ ነገ ቢፈታ እንኳ ሥራ የሚሰጠው እንደማይኖር ነገረቻት። ከዚያ ስለ ዕቃው አስረዳች። ድሮ መድረክ ላይ እያንዳንዱ የራሱን ድምፅ ለመስማት ከእግሩ ሥር ትልቅ ድምፅ ማጉያ ነበረው፤ አንዱ ሲያስጨምር ሌላውም እያስጨመረ የእሷ ጉሮሮ ተላጠ። መሪው ድምፁን በማዳመጫ የሚያሰማ የጆሮ ሞኒተር ይሻለናል አለ። ታዋቂዎቹ ባንዶች የሚጠቀሙበት በእነሱ አቅም የሚገዛ ስላልነበረ ወንድሟ በእጁ አበጀው፦ አንዱን ድምፅ ለአራት የምታካፍል ሣጥን፣ እሱ የቀጣጠላቸው ረጃጅም ገመዶች፣ ለእያንዳንዱ ጆሮ በልኩ የተቆረጠ ስፖንጅ።

«ለየሰው የተለየ ድምፅ አይሰጥም?» አለች መርማሪዋ።

«አይሰጥም። አራታችንም የምንሰማው ያንኑ ነው።»

«የዛሬውን ቆጠራስ ሰማሽው?»

ዘፋኟ አንገቷን ደፋች። «አልሰማሁም። የራሴ ድምፅ ሲታፈንብኝ ግራውን የማውጣት ክፉ ልማድ አለብኝ። ወንድሜ በዚህ ነው የሚቆጣኝ። ጀርባዬን ለክፍሏ ሰጥቼ ግጥሜን አነብ ነበር፤ ድራሙ ሲመታ ነው መጀመራችንን ያወቅሁት።»

ድራም ተጫዋቹ ሰፊ ትከሻ ያለው፣ በደህናው ቀን ቀልደኛ እንደሆነ የሚያስታውቅ ሰው ነው። ድራሙን ከሚከልል ጣውላ ጀርባ ስለሚቀመጥ ማንንም አያይም። ቆጠራውን ግን ሰምቷል።

«ሰማሁት፣ በግራ ጆሮዬ ብቻ። የቀኙ ሽቦ ተበጠሰ ብዬ ባለሙያውን ልሰድበው ስል ቤዝ ጊታሩ በሁለቱም ጆሮዬ መጣ፤ ተውኩት» አለ፤ ከዚያ ስድቡ ትዝ ብሎት ፊቱ ተለወጠ። ያ ልጅ ትንኝ እንኳ አይገድልም ብሎ ጨመረ።

ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ለብቻው መስኮቱ ሥር ተቀምጧል። ፀጉሩ ሸብቷል፤ ከሟቹ ጋር አብሮ አደግ ናቸው፣ ባንዱንም የመሠረቱት ሁለቱ ናቸው። ቀኝ እጁን በግራው ይዞ ጣቶቹን ቀስ ብሎ ያሻል። አነጋገሩ የተረጋጋ ነው።

«‹አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት› አለ፤ እንደ ልማዱ ረጋ ብሎ» አላት። «የመጨረሻ ድምፁ መሆኑን ማን አወቀ? እኔም ጀመርኩ። የቀረውን ያውቁታል።»

መርማሪዋ ከኮሌታው ላይ የተንጠለጠለውን ማዳመጫ አየች። አንድ ብቻ ነው። «ግራውስ?»

«ጠዋት ተበላሽቶ እንዲጠግነው ሰጠሁት» አለና በአገጩ ወደ ኋላው ደረጃ ጠቆመ።

እውነቱን ነበር። ደረጃው ላይ፣ ከካቴናው ሰው አጠገብ፣ የመበየጃው ብረት ገና አልቀዘቀዘም፤ የተከፈተችው ግራ ማዳመጫም ሽቦዋ ግማሽ ድረስ ተበይዶ ተቀምጣለች። የድምፅ ባለሙያው ጭሱ ሰው እንዳያፍን ብሎ እዚያ ወጥቶ እንደነበር፣ ጆሮው ላይም ምንም እንዳልነበረው ነገራት። ከምሳ በኋላ ልምምድ ሲጀመር የሰማው ድራሙን ብቻ ነው።

«ከኮምፒውተሩ የሚወጡ ሁለት ገመዶች አሉ» አለችው። «አንዱ ላይ ‹ቆጠራ›፣ ሌላው ላይ ‹ቤዝ› የሚል ፕላስተር ተለጥፏል። ‹ቤዝ› የሚለው ተነቅሏል። ምንድን ናቸው?»

ዓይኑን ወደ መበየጃው መለሰ። ሁለተኛ ጠየቀችው። እህቱ ከበሩ ኋላ «ተናገር እንጂ» እያለች ታለቅሳለች።

«ለማንም አልናገርም ብዬ ቃል ገብቼለታለሁ» አለ በመጨረሻ። «ቃል ያስገባኝ ሰው ሞቷል። ማን ይፍታኝ?»

መኮንኑ ይህን እንደ ኑዛዜ ቆጥሮ ክንዱን ያዘው። መርማሪዋ ሩብ ሰዓት ለመነችው፤ ልመና ለእሷ ብርቅ ነው፣ እሱም ግር ብሎት ሰጣት።

ወደ ጠባቧ ክፍል ተመልሳ በሩን ዘጋች። የመሪው ማይክራፎን ማብሪያው ወደ ታች ነው፤ ጠፍቷል። ታዲያ በጠፋ ማይክራፎን የቆጠረው ማነው? ኮምፒውተሩን ቀሰቀሰችው። የዛሬው ዘፈን ስም የተጻፈበት ቅጂ ተከፍቶ ቆሟል። ትርፍ ማዳመጫ ሣጥኗ ላይ ሰክታ ጆሮዎቿ ውስጥ ከታ ቅጂውን አስነሳችው።

ምንም የለም። ሃያ ሰከንድ፣ ሠላሳ ሰከንድ ጠበቀች፤ ዝም። ልታወጣው ስትል የድራም ተጫዋቹ ነገር ትዝ አላት። ለእሷ ግራ ማለት ሁልጊዜም ዝምታ ነው። ቅጂውን ወደ መጀመሪያው መለሰችና የግራውን ማዳመጫ ነቅላ በሚሰማው ጆሮዋ ከተተችው። ከሃያ ሰከንድ ዝምታ በኋላ እግሯ ሥር የተጋደመው ሰው «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት» አላት።

እስከ መጨረሻው አዳመጠች። ቀጥሎ የተነቀለውን ገመድ ሰክታ አንዴ ደገመችውና መልሳ ነቀለችው። ስትጨርስ ማዳመጫውን አውጥታ በጥንቃቄ ጠቀለለችው።

ደረጃው ላይ ወጥታ ካቴናው እንዲፈታ አዘዘች። «የጀመርከውን ጨርስ» አለችው ባለሙያውን፣ ግማሽ የተበየደችውን ማዳመጫ እየሰጠችው።

ሁሉም አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰቡ። መርማሪዋ እያንዳንዱ በቦታው ሆኖ ማዳመጫውን እንዲያደርግ ጠየቀች፤ ዘፋኟንም ግራውን እንዳታወጣ አሳሰበቻት። የተጠገነችውን ማዳመጫ ለባለቤቷ አልሰጠችም፤ ኪሷ ከተተቻት።

«የሰማችሁትን እስክጠይቃችሁ ዝም በሉ» አለችና ቅጂውን ከአንድ ቦታ አስነስታ ለአጭር ጊዜ ለቀቀችው።

ዘፋኟ አፏን በእጇ ያዘች። ድራም ተጫዋቹ በትሮቹን ከጉልበቱ ላይ ጣላቸው። ቤዝ ተጫዋቹ አንዱን ፊት አየ፣ ሌላውን አየ።

«እርስዎ ምን ሰሙ?» አለችው።

«ያው… ቆጠራውን። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።»

ድራም ተጫዋቹ ቀስ ብሎ ተነሳ። «ቆጠራ አልነበረም» አለ።

«አልነበረም» አለች መርማሪዋ። «ለአሁኑ የመረጥኩት ሌላ ቦታ ነው። እርስዎ ምንም አልሰሙም፤ የሰዎቹን ፊት አይተው ገመቱ። ቅድም ልምምዱ ሲጀመርም እንዲሁ ምንም አልሰሙም። የመሪው ማይክራፎን ጠፍቶ ነበር፤ ድምፁ የመጣው ከኮምፒውተሩ ነው። ባለሙያው ሲያቀናጀው ቆጠራውን ወደ ግራ ጆሮ ብቻ ልኮታል። ስለዚህ ድራም ተጫዋቹ በግራው ብቻ ሰማ። ግራዋን ያወጣችው ዘፋኝ አልሰማችም፣ አልሰማሁም ብላም ነገረችኝ። የእርስዎ ግራ ማዳመጫ ያኔ ደረጃው ላይ ተፈትቶ ተቀምጦ ነበር። ቆጠራውን ግን ቃል በቃል ያውቁታል።»

«ጠዋት ሰምቼው ይሆናል» አለ ቤዝ ተጫዋቹ። ድምፁ ግን ቀድሞ የነበረው አይደለም።

«ባለሙያውስ?» አለ መኮንኑ። «እሱስ ሊያስነሳው አይችልም?»

«ምን ሊጠቅመው? መሪው እስከ ዘፈኑ መጀመሪያ በሕይወት ነበር መባሉ የሚያድነው፣ ከዚያ ወዲያ ሲጫወት የተሰማን ሰው ነው። ደረጃ ላይ ብቻውን የቀረውን ሰው ያስይዘዋል እንጂ አያድነውም። ድራም ተጫዋቹም ቢሆን፣ ገዳይ ቢሆን ኖሮ ‹በግራ ብቻ› የሚለውን ቃል በገዛ አፉ አይሰጠኝም ነበር። መሪው ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት ሞቷል። ገዳዩ ‹ቤዝ› የሚለውን ገመድ ነቀለ፣ ቅጂውን አስነሳ፣ በሃያው ሰከንድ ዝምታ ወጥቶ ቦታው ላይ ቆመ። ድራም ተጫዋቹን ጣውላው ጋርዶታል፣ ዘፋኟ ጀርባዋን ሰጥታለች፤ የሚመላለስ ባልደረባን ኮቴ ደግሞ ማንም ልብ አይልም። ድራሙ ሲመታ በቀኝ ጆሮው ሰማና አብሮ ገባ።»

ቤዝ ተጫዋቹ ጊታሩን ከትከሻው አወረደ። ወንበሩ ላይ ሲያስቀምጠው እጁ ሳተና ጊታሩ ወለሉ ላይ ወደቀ። ማንም አላነሳውም።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት» አለ። «ትናንት ቀድሜ ስመጣ ኮምፒውተሩ ላይ አገኘሁት። በትንሿ ድምፅ ማጉያ መጀመሪያዋን ብቻ ሰማሁ፤ እሱ ቆጠረ፣ የእኔን ቤዝ ራሱ በኪቦርድ ተጫወተው። ሊተካኝ ነው። በማሽን። ዛሬ ከምሳ በኋላ ጠየቅሁት። ‹ለአንተው ብዬ ነው› አለኝ። ሊያሾፍብኝ… ዓይኔን እያየ ‹ለአንተው› አለኝ።» ከዚያ በላይ አልቀጠለም።

መርማሪዋ ወደ ድምፅ ባለሙያው ዞረች። «አሁን ልትፈታው የምትችል ይመስለኛል፣ ቃሉን።»

ባለሙያው ወደ ቤዝ ተጫዋቹ ዞረ። መሪው አብሮ አደጉ ጣቶቹ እየደነዘዙ መሆኑን ካወቀ ወራት አልፎታል አለ። ጓደኛው ሲደብቀው እያየ፣ እንዳያፍር ብሎ እሱም ያላወቀ መሰለ። አስቸጋሪ ቦታ ሲደርስ ከኮምፒውተሩ የሚወጣው ቤዝ እንዲሸፍነው፣ መድረክ ላይ አብሮት እንዲቆም፣ ከባንዱ ሰዎች በቀር ማንም እንዳያውቅ ፈለገ። ቅጂው ተሠርቶ እስኪያልቅ ለማንም፣ ለእሱም እንዳይናገር ባለሙያውን አስማለው። ዛሬ ከልምምድ በኋላ ሊነግረው ነበር።

ቤዝ ተጫዋቹ ቀኝ እጁን አየ። የሚያሻቸው ጣቶች ቀጥ ብለው ቀርተዋል።

መርማሪዋ ግራዋን ማዳመጫ ከኪሷ አወጣች። ሊቀበላት ሞከረ፤ ጣቶቹ አልይዝ አሏት። እሷ ራሷ ጆሮው ውስጥ አስገባችለት፤ ከዚያ ወደ ጠባቧ ክፍል ገብታ ቅጂውን ቅድም ካስነሳችበት ቦታ ለቀቀችው።

አዳራሹ ውስጥ ድምፅ የለም። ዘፋኟ ወንድሟን አቅፋው ቆማለች። ቤዝ ተጫዋቹ ቀጥ ብሎ ያዳምጣል፤ ግራ ጆሮው ውስጥ፣ ዘፈኑ እጅግ የሚፈጥንበት ቦታ ላይ፣ አብሮ አደጉ ቀስ ብሎ ይናገራል፦

«እዚህ ጋ እጅህን አሳርፍ፣ ወንድሜ። እኔ እይዝልሃለሁ።»